የካሽሜር ሹራብ ጥራትና ዕድሜ፦ ከመግዛት በፊትና በኋላ የሚደረግ ምርመራ

ካሽሜር (ከፍየል ለስላሳ ፀጉር የተሠራ) ሹራብ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ይዳስሰዋል፣ ከለሰለሰ ይገዛዋል። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚለሰልሰው ሹራብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ነው። ልስላሴን ፋብሪካ ውስጥ በማጠብና በማለስለሻ መጨመር ይቻላል። የፀጉሩን ርዝመት፣ የክሩን መክረርና የአሠራሩን ጥቅጥቅነት ግን በኋላ ማንም ሊጨምርበት አይችልም። የሹራቡን ዕድሜ የሚወስኑት ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ከዚህ በታች ያሉት ምርመራዎች በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ለክረምት ብርድ አዲስ ሹራብ ለሚገዛም፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሳልቫጅ ክምር ለሚያገላብጥም ይሠራሉ። አብዛኞቹ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስዱም፤ ከእጅ፣ ከዓይንና ከአንድ የስፌት ሜትር በቀር መሣሪያም አይጠይቁም።

ፀጉሩን በሁለት ቁጥሮች ማወቅ

የካሽሜር ፍየል ሁለት ዓይነት ፀጉር አላት። ላዩ ሻካራና ረጅም ነው። ከሥሩ ለክረምቱ ብርድ የሚበቅል፣ በጸደይ የሚረግፍ ለስላሳ ፀጉር አለ። በሞንጎሊያና በቻይናዋ የውስጥ ሞንጎሊያ ክልል ያሉ አርቢዎች ፀጉሩ መርገፍ ሲጀምር በማበጠሪያ ያበጥሩታል፤ የዓለም ካሽሜር አብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት አገሮች ነው። ሻካራው ተለይቶ ከወጣ በኋላ ከአንዲት ፍየል በዓመት የሚተርፈው ንጹሕ ፀጉር ከ150 እስከ 250 ግራም ገደማ ነው። አንድ የአዋቂ ሹራብ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ግራም ስለሚመዝንና በመፍተልና በመሥራት ጊዜም የሚባክን ስላለ፣ በአንድ ሹራብ ውስጥ የሁለትና የሦስት ፍየሎች የዓመት ምርት አለ። ስለዚህ ከተራ የሱፍ ሹራብ በታች በሆነ ዋጋ የሚሸጥ «መቶ በመቶ ካሽሜር» ሲያዩ፣ አንድ ነገር መቀነሱን አስቀድመው ይወቁ፤ ወይ የፀጉሩ ርዝመት፣ ወይ የክሩ መጠን፣ ወይም ራሱ ካሽሜሩ።

የመጀመሪያው ቁጥር ውፍረት ነው። የሚለካው በማይክሮን ሲሆን 1 ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጥሩ የሹራብ ካሽሜር ከ14 እስከ 16 ማይክሮን አካባቢ ነው። የሰው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ማይክሮን በላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከጥር 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመረቱ ዕቃዎች «ካሽሜር» የሚለው ስም የሚፈቀደው አማካይ ውፍረቱ ከ19 ማይክሮን ላልበለጠና ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነው ሻካራ ፀጉር በክብደት ከ3 በመቶ ላልበለጠ ፀጉር ብቻ ነው። ልብ ይበሉ፤ 18.5 ማይክሮን የሆነውም 14.5 የሆነውም ሌብሉ ላይ የሚጻፈው በአንድ ስም ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ርዝመት ነው፤ ሻጮች የማያነሱት፣ ሹራቡን የሚያኖረው ግን እሱ ነው። አጭር የሚባለው ከ28 ሚሊሜትር በታች ያለው ነው። ከ34 በላይ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ከ38 በላይ ከተገኘ እጅግ ጥሩ። ክር የሚሠራው እነዚህን አጫጭር ፀጉሮች እርስ በርስ በማክረር ነው። የእያንዳንዱ ፀጉር ሁለት ጫፎች ከክሩ ሊያመልጡ የሚችሉ ቦታዎች ናቸው። ውፍረቱ እኩል በሆነ ክር ውስጥ የ28 ሚሊሜትር ፀጉር ከ38ቱ ይልቅ ሲሶ ያህል የበዙ ጫፎች ይኖሩታል። የወጡት ጫፎች በፍትጊያ ይጠላለፋሉ፣ ይድቦለቦላሉ፤ ብብትና ጎን ላይ የምናያቸው እንክብሎች ከዚህ ይመጣሉ። ልብሱም በዚያው መጠን እየሳሳ ይሄዳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ እንክብል ከክሩ የተነቀለ ፀጉር ነው።

ምንም እንክብል የማያወጣ ካሽሜር የለም። ቀጭን ፀጉር በባሕርዩ ፍትጊያ አይችልም። የመንዝ በግ ሻካራ ፀጉር ባና ሆኖ ለዓመታት የሚያገለግለው ውፍረቱ ስለሚረዳው ነው፤ ካሽሜር ይህ የለውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ምን ያህል እንክብል እንደሚያወጣና መቼ እንደሚያቆም ነው።

አንደኛ፦ ሌብሉን ማንበብ

አንገቱ ላይ ያለውን የስም ሌብል ይተዉትና በጎን ስፌት ውስጥ ያለውን ትንሹን ጨርቅ ይፈልጉ። የፀጉሩ ዓይነትና መቶኛ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። «ካሽሜር» ብሎ መቶኛ የማይጠቅስ፣ ወይም «የካሽሜር ልስላሴ» ዓይነት ቃል ብቻ ያለው ዕቃ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ ልብስ ላይ «አር» እና «ኤን» ከሚሉ የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ቁጥር ታያላችሁ፤ በፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ብታስገቡ ከዕቃው ጀርባ ያለው ድርጅት ይወጣል።

«ፓሽሚና» የሚለው ስም በአሜሪካ ሕግ የታወቀ የፀጉር ስም አይደለም። በዚህ ስም የሚሸጥ ሻርፕ የካሽሜርና የሐር ድብልቅ ሊሆን ይችላል፣ ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ክር) ብቻም ሊሆን ይችላል። እሱንም ቢሆን በመቶኛው ብቻ ይፍረዱት።

የተሠራበት አገር ስም ብዙ አይንገራችሁ። «በስኮትላንድ የተሠራ» ወይም «በጣሊያን የተሠራ» ማለት ሹራቡ እዚያ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ፀጉሩ የመጣው ያው ከቻይና ወይም ከሞንጎሊያ ሊሆን ይችላል። ቻይና ውስጥ እጅግ ጥሩ ሹራብ ይሠራል፣ እጅግ መጥፎም ይሠራል።

ድብልቅን መናቅ አያስፈልግም። 70 በመቶ ቀጭን የሜሪኖ (ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ የበግ ዝርያ) ሱፍና 30 በመቶ ካሽሜር የሆነ ሹራብ፣ ከአጭር ፀጉር ከተሠራ መቶ በመቶ ካሽሜር ይልቅ ረጅም ዘመን ያገለግላል። በተቃራኒው 5 በመቶ ካሽሜር የተጨመረበት አክሪሊክ የሚሸጠው ስሙ ነው። «ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ ካሽሜር» የሚል ሲያዩ፣ ፀጉሩ ከአሮጌ ልብስ ተቦጫጭቆ የተገኘ በመሆኑ በግድ አጠር ያለ ነው፤ ክሩን የሚይዝ አዲስ ሱፍ ከተደባለቀበት ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ክብደትና ብርሃን

ሹራቡን ከመስቀያው አውርደው በሁለት እጅ ይመዝኑት። መደበኛ ውፍረት ያለው ክብ አንገት የሴት ሹራብ 200 ግራም አካባቢ፣ የወንድ ደግሞ 250 ግራም አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። በአንድ ዓይነት መጠን ሁለት ሹራቦች መካከል የ80 ግራም ልዩነት ካለ፣ ቀላሉ ላይ ክር ተቆጥቦበታል።

ቀጥሎ እጅዎን ውስጥ አስገብተው ወደ መስኮት ብርሃን ያንሱት። ጣቶችዎ አንድ በአንድ ጥርት ብለው ከታዩ ሹራቡ የሳሳ ነው። ቀጭን ሆኖ እንዲሠራ የታሰበ ሹራብ ብርሃን ማሳለፉ ጉድለት አይደለም፤ እዚያ መታየት ያለበት እኩልነቱ ነው። ብርሃኑ ቦታ ቦታ ላይ ጎልቶ ከወጣ፣ ወይም አግድም መስመር መስመር ከሠራ፣ ክሩ ወጣ ገባ ነው፤ ቀጫጭኑ ቦታ መጀመሪያ ይቀደዳል።

ሜትር ከያዙ በ5 ሴንቲሜትር ውስጥ ጎን ለጎን የተሰለፉትን የሹራቡን ዓይኖች (የክሩን ቀለበቶች) ይቁጠሩ። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የክር ውፍረታቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ሹራቦች ሲወዳደሩ ግን ብዙ ዓይን ያለው ጠብቆ የተሠራ ነው። ዓይኑ የላላ ሹራብ ፀጉሩ ውስጥ ለውስጥ ስለሚንቀሳቀስ ጥሩ ፀጉር እንኳ ቢሆን ቶሎ እንክብል ያወጣል።

ሦስተኛ፦ መሳብና መልቀቅ

ይህ ከሱቅ ምርመራዎች ሁሉ አስተማማኙ ነው። የሹራቡን አካል በሁለት እጅ 10 ሴንቲሜትር ያህል አራርቀው ይያዙ፣ ቀስ ብለው ወደ 15 ሴንቲሜትር ይሳቡት፣ አምስት ሰከንድ ይቆዩና ይልቀቁት። ክሩ የከረረና አሠራሩ የጠበቀ ከሆነ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ተንጀባሎ ከቀረ፣ ወይም ለመመለስ በእጅ ማስተካከል ካስፈለገው፣ ክርኑ ከአንድ ወር በኋላ የሚይዘውን ቅርጽ አሁን አዩት።

የእጅጌውንና የወገቡን ላስቲክ (ጫፉ ላይ እንዲለጠጥ ተደርጎ የተሠራውን የሹራቡን ክፍል) ለብቻቸው ይሳቡ። ላስቲክ በፍጥነት ጥብቅ ብሎ መመለስ አለበት፤ ጥሩ አምራች እዚህ ላይ አሠራሩን የበለጠ ያጠብቀዋል። አንገቱን ደግሞ ጠፍጣፋ እንደተኛ ወደ 30 ሴንቲሜትር ይሳቡት፤ የአዋቂ ጭንቅላት እንዲያልፍ ይህን ያህል መዘርጋት አለበት። በዚህ ጊዜ ስፌቱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ክሩ እየተበጠሰ ነው፤ ይመልሱት።

መለጠጡን ከመፍረድዎ በፊት ሌብሉን እንደገና ይዩ። ጥቂት ኢላስቴን (እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ክር) ያለበት ሹራብ የፀጉሩ ጥራት ምንም ቢሆን ይመለሳል፤ እዚያ ላይ ይህ ምርመራ አይሠራም።

አራተኛ፦ ማሸትና ገጹን ማየት

የታችኛውን ጠርዝ ገልብጠው በውስጥ በኩል በአውራ ጣት ሆድ 20 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይሹት፤ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ የፊቱን ገጽ አይንኩ። ጥቂት ብናኝ ቢነሣ አዲስ ሹራብ ላይ የተለመደ ነው። ፀጉሩ በ20 እሽት ብቻ መጠቅለልና መድቦልቦል ከጀመረ ግን፣ በሳምንት ውስጥ የመኪና ቀበቶና የቦርሳ ማንገቻ በሚያርፉበት ቦታ ሁሉ እንክብል ይሞላል።

ገጹን በጎን ብርሃን ይመልከቱ። የጥሩ አዲስ ሹራብ ዓይኖች በደንብ ይታያሉ፤ በላያቸው ላይ ስስ፣ አጭርና እኩል ፀጉር አለ። ዓይኖቹ እስከማይታዩ ድረስ የተነፋ፣ እንደ ጫጩት ላባ ብንን ያለ ሹራብ ካጋጠመዎ ይጠንቀቁ። ከሹራብ ማሽን የወጣ ካሽሜር የመፍተያ ዘይት ስላለበት ድርቅ ያለ ነው፤ ፋብሪካው በሞቀ ውኃና በሳሙና እያሸ ሲያጥበው ፀጉሩ ይነሣና ይለሰልሳል። ይህ እጥበት ሲረዝም ልስላሴው ይጨምራል፣ ግን የፀጉሩ ጫፎች ያለ ጊዜያቸው ከክሩ ይወጣሉ። ሹራቡ ገና ሳይለበስ ዕድሜው ተቀንሷል ማለት ነው። የስኮትላንዷ የሀዊክ ከተማ አሮጌ ፋብሪካዎች ሹራቡን ጠንከር እንዳለ ለገዢ የማስረከብ ልማድ አላቸው፤ በእጥበት ብዛት በለባሹ እጅ እየለሰለሰ ይሄዳል። መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ሲነኩ ይህኛው ይሸነፋል፣ ከሦስት ክረምት በኋላ ግን የሚተርፈው እሱ ነው።

የሚያንሸራትት፣ ቅባት ቅባት የሚል ልስላሴ ደግሞ ከሲሊኮን ማለስለሻ ሊመጣ ይችላል። ከጥቂት እጥበት በኋላ ይጠፋል፤ ሥሩ ያለው ሻካራ ፀጉር ያኔ ይገለጣል። ለማረጋገጥ ሹራቡን አንገትዎ ሥር ወይም የእጅዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ያቆዩት። የሚወጋ ነገር ከተሰማ፣ በደንብ ያልተለየ ሻካራ ፀጉር አለበት።

አምስተኛ፦ ስፌቱን ገልብጦ ማየት

ሹራቡን ገልብጡት። ብብቱ አካባቢ፣ ከስፌቱ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ፣ በሰያፍ የተሰለፉ ትንንሽ ምልክቶች ይፈልጉ። እነዚህ ምልክቶች እጅጌውና አካሉ ማሽኑ ላይ እያሉ ዓይን እየተቀነሰና እየተጨመረ ቅርጻቸውን መያዛቸውን ያሳያሉ። ምልክቱ ከሌለና ስፌቱ ዳር በኦቨርሎክ የተቆለፈ ወፍራም ጠርዝ ካለው፣ ሹራቡ እንደ ተራ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። የተቆረጠ ዓይን የሚይዘው ስፌቱ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ክሩ ከላላ መተርተር ይጀምራል።

አንገቱ ከአካሉ ጋር የተገናኘበትን ቦታ ይከታተሉ። በጥሩ ሹራብ ላይ የአንገቱ እያንዳንዱ ዓይን ከአካሉ ዓይን ጋር አንድ ለአንድ ተያይዟል፤ ስፌቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጣት ሲሄድበት ጉብታ የለውም። ትከሻው ውስጥ ስስ ጥብጣብ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው፣ ትከሻው ወደ ታች እንዳይንጠለጠል ይይዘዋል። ቁልፍ ባለው ሹራብ ላይ ቁልፉ ከጀርባው ድጋፍ እንዳለው ይዩ።

ከዚያ ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ አስተኙት። የጎኑ ስፌት ከብብት እስከ ወገብ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ነጠላ ነው፣ ወይም ሲገመድ ሚዛኑ አልተጠበቀም፤ በታጠበ ቁጥር መዞሩ ይብሳል፣ በካውያም አይድንም።

ስድስተኛ፦ መለዋወጫ ክሩን መመርመር

ብዙ ጥሩ ሹራቦች በትንሽ ከረጢት መለዋወጫ ክር ይዘው ይመጣሉ። አብዛኛው ሰው ይጥለዋል። ሹራቡን ሳይነኩ ፀጉሩን በቀጥታ ማየት የሚቻለው በዚህ ክር ብቻ ስለሆነ፣ ቤት እንደደረሱ፣ ሌብሉን ከመቁረጥዎ በፊት፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይቁረጡለት።

መጀመሪያ ክሩን ከከረረበት አቅጣጫ በተቃራኒ በጣትዎ ያዙሩት። ሁለት ነጠላ ክሮች ተለያይተው ከወጡ ድርብ ክር ነው፤ ለሹራብ ቢያንስ ይህ ያስፈልጋል። በጽሑፍ 2/26 ወይም 2/28 ተብሎ የሚያዩት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ነጠላ ክር አብሮ እንደተገመደ፣ ሁለተኛው የነጠላው ክር 1 ግራም ስንት ሜትር እንደሚሆን ይናገራል። 2/26 ከሆነ ሁለቱ ተገምደው 1 ግራሙ 13 ሜትር ገደማ ነው። አራት ወይም ስድስት የተገመደበት ሹራብ ወፍራምና ሞቃት ነው እንጂ በዚያ ብቻ የተሻለ ጥራት አለው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ አንዱን ነጠላ ክር ይዘው ሁለቱን ጫፎች ቀስ ብለው ይሳቡ። ጥቂት ታግሎ ከተበጠሰ ደህና ነው። ያለ ምንም ትግል ተንሸራቶ ከተለያየ መክረሩ አንሷል፣ ወይም ፀጉሩ አጭር ነው።

አሁን የተረፈውን ነጠላ ክር እስኪላላ ድረስ ይፍቱት። ሹራቡ ነጭ ወይም ፈዛዛ ከሆነ ጥቁር ወረቀት ላይ፣ ጠቆር ያለ ከሆነ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት፤ በመርፌ ጫፍ ፀጉሮቹን አንድ በአንድ እየለዩ አሥር ያህል ጎን ለጎን አሰልፉና በማስመሪያ ለኩ። የመቀስ ጫፍ የነካቸውን አይቁጠሩ። አብዛኞቹ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ከሆኑ ጥሩ ክር ነው። የ1.5 እና የ2 ሴንቲሜትር ቁርጥራጮች ከበዙ፣ ሹራቡ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ይመልሱት። ከመካከላቸው ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅና በዓይን የሚለይ ወፍራም ፀጉር ካገኙ ደግሞ ከላይኛው ሻካራ ፀጉር የቀረ ነው፤ ከአሥሩ አንድ እንኳ ቢሆን ብዙ ነው።

የቀረውን ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዘው ሳህን ላይ ያቃጥሉት። የእንስሳ ፀጉር እንደተቃጠለ የሰው ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲወጣ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። አክሪሊክና ፖሊስተር ይቀልጡና ጠንካራ ዶቃ ይሆናሉ። ቪስኮስና ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳሉ። ይህ ግን ካሽሜርን ከበግ ሱፍ አይለይም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሽታ አላቸው። እነሱን የሚለየው በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ 17751 መመዘኛ የሚሠራ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ነው፤ የካሽሜር ፀጉር ላይ ያለው ቅርፊት ከሱፉ ይልቅ ስስና የተራራቀ ነው። ለንግድ በብዛት የሚያስመጣ ሰው የላብራቶሪ ውጤት ሳያይ ገንዘብ መክፈል የለበትም፤ የፀጉሩን ዓይነት፣ አማካይ ውፍረቱንና ከ1 እስከ 5 የሚሰጠውን የእንክብል ደረጃ ይጠይቅ። 5 ማለት እንክብል የለም ማለት ነው፤ 3 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ ደንበኛው ይመልስበታል።

ስለ ቀለም

ከአንድ ሞዴል ነጩን፣ ግራጫውንና ጥቁሩን በየተራ ይዳስሱ። ብዙ ጊዜ ጥቁሩና ጠቆር ያለው ሰማያዊ ትንሽ ድርቅ ይላሉ፤ ብዙ ቀለም መጠጣትና ረጅም ሰዓት በሙቅ ውኃ መቆየት ፀጉሩን ይጎዳዋል። ከዚያም የባሰው ቡናማ ፀጉር መጀመሪያ በኬሚካል ነጥቶ እንደገና ፈዛዛ ቀለም ሲነከር ነው። ረጅም ዕድሜ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ያልተነከረ የተፈጥሮ ቀለም ነው፦ ነጭ፣ ክሬም፣ ቡናማ ወይም ግራጫ።

በኦንላይን ሲገዙ

ፎቶ ምንም አይነግርዎትም። ሻጩን በጽሑፍ አራት ነገር ይጠይቁ፦ በእርስዎ ልክ ሹራቡ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ የክሩን ቁጥር፣ የፀጉሩን ማይክሮንና ርዝመት፣ እና እስከ ስንት ቀን መመለስ እንደሚቻል። ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያለ ችግር ይመልሳል። «ደረጃ አንድ ካሽሜር ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሻጭ የራሱ ደረጃ አለውና።

ከሳልቫጅና ከአሮጌ ልብስ ሱቅ ሲመርጡ

እዚህ ገዢው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማለስለሻው ታጥቦ አልቋል፣ የሚዳስሱት ፀጉሩን ራሱን ነው። አሥር ጊዜ ታጥቦ አሁንም የሚለሰልስና ሲሳብ የሚመለስ ሹራብ ፈተናውን አልፏል።

የሚፈሩት ሦስት ነገር ነው። ብል የበላው ቀዳዳ፦ ሹራቡን በስልክ ባትሪ ላይ ዘርግተው ፊቱን፣ ጀርባውንና በተለይ የብብቱንና የአንገቱን አካባቢ ይዩ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታክለው ነጥብ በመጀመሪያው እጥበት ትሰፋለች። ክርኑ መሳሳቱ፦ ሁለቱን ክርኖች ከእጅጌው ላይኛው ክፍል ጋር በብርሃን ያወዳድሩ። ሦስተኛው መኮማተር ነው፦ ዓይኖቹ ተጣብቀው የማይታዩ፣ ወፍራምና የማይለጠጥ ከሆነ በሙቅ ውኃ ታጥቧል፤ ይህን የሚመልስ ዘዴ የለም። እንክብሎች ብቻ ካሉት ግን አይፍሩ፣ በማበጠሪያ ይወጣሉ።

ከተገዛ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት

የመጀመሪያዎቹ እንክብሎች መውጣታቸው ግድ ነው፤ ያልያዙ አጫጭር ፀጉሮች እየወጡ ነው። ሹራቡን ጠፍጣፋ አስተኝተው፣ በአንድ እጅ ወጥረው ይዘው፣ ለካሽሜር የተሠራ ማበጠሪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ አድርገው ያሳልፉ። በእጅ መንጨት ጤነኛውንም ፀጉር ይዞ ይወጣል። ምላጭ ዓይኑን ይቆርጣል። ከሦስተኛው እጥበት በኋላ እንክብሉ ጉልህ በሆነ ሁኔታ መቀነስ አለበት፤ እንደ መጀመሪያው ከቀጠለ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ምንም ዓይነት እንክብካቤ አያስተካክለውም።

አንድ ቀን የለበሱትን ሹራብ ቢያንስ አንድ ቀን ያሳርፉት። የተለጠጠው ክር ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ዕረፍት ነው።

አስተጣጠብ

ከማጠብዎ በፊት የደረቱን ስፋት፣ የቁመቱንና የእጅጌውን ርዝመት በሜትር ለክተው ይጻፉ። በሳፋ ውስጥ 5 ሊትር ያህል፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ፣ ለእጅ ለብ የሚል ውኃ ያድርጉ። አንድ የሻይ ማንኪያ የሕፃን ሻምፑ ወይም ለሱፍ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የተለመደው የዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ባሕርዩ ፀጉሩን ያደርቃል፣ ብዙዎቹም የፕሮቲን ቆሻሻ የሚበላ ኢንዛይም አለባቸው፤ ፀጉር ራሱ ፕሮቲን ነው። በረኪና ጨርሶ አይቅረበው፤ ፀጉሩን ያሟሟዋል።

ሹራቡን ገልብጠው ይንከሩት፣ ለ5 ደቂቃ በእጅዎ ጫን ለቀቅ ያድርጉት። አይፈተግም፣ አይጠመዘዝም። የሚታለቅለቅበት ውኃ ከመታጠቢያው ጋር እኩል ሙቀት ያለው ይሁን። ሹራብን የሚያኮማትረው ሙቀት ከእሽት ጋር ሲገናኝ ነው፤ የፀጉሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይቆላለፉና አይላቀቁም። ሲያወጡት ከሥሩ በሁለት እጅ ደግፈው ያንሱት፤ ውኃ የጠጣ ሹራብ በትከሻው ቢንጠለጠል በራሱ ክብደት ይረዝማል። ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተው ከፎጣው ጋር ይጠቅልሉትና ውኃውን በመጫን ያውጡ። ከዚያ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ አስተኝተው የጻፉት ልክ እስኪመጣ ድረስ በእጅዎ ያስተካክሉት፤ ከፀሐይና ከማሞቂያ ራቅ ባለ ቦታ ይድረቅ።

በየለበሱ ቁጥር ማጠብ አያስፈልግም። ከሸሚዝ በላይ ከለበሱት፣ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ይበቃል።

ማስቀመጥ

በመስቀያ አይሰቀልም፣ ይታጠፋል። ሹራቡን የሚበላው የብል ትሉ ነው፣ የሚበረው የእሳት ራት አይደለም፤ ትሉም ላብና የምግብ ፍንጣቂ ያለበትን ቦታ ያስቀድማል። ስለዚህ ለወራት የሚቀመጥ ሹራብ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለበስኩት» ሳይባል ታጥቦ፣ ፍጹም ደርቆ፣ በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። የሴዳር እንጨት ሽታ ያርቃል እንጂ ገብቶ የተፈለፈለውን አይገድልም። ናፍታሊን ይገድላል፤ ግን ለሚተነፍሰው ሰው ጤና ጥሩ አይደለም፣ ሽታውም ከካሽሜር በቀላሉ አይለቅም።

ከሳልቫጅ የተገዛ ወይም ብል የተጠረጠረበት ሹራብ ቁም ሣጥን ከመግባቱ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆይ። ሲወጣ ከረጢቱ ሳይከፈት የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቅ፤ ቀድሞ ከተከፈተ ጤዛ ሹራቡን ያረጥበዋል። ፍሪዘር ከሌለ ገልብጠው ደጅ ያውጡት፤ በለስላሳ ብሩሽ ስፌቱን፣ የላስቲኩን እጥፋትና የአንገቱን ውስጥ በደንብ ይጥረጉ፣ እንቁላሉ የሚደበቀው እዚያ ነውና፤ ከዚያ ይጠቡት። ይህንኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ይድገሙት።